አድራሻ፦ ሲኒማ ራስ

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የታማሚ ካርድ ላይ «አድራሻ» ከሚለው ቃል ትይዩ «መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመን፣ እንዳለ አምነን ከመቀበላችን በፊት ጥቂት ማመንታት ይገባናል። ሲኒማ ራስ ስሙን ከሲኒማ ቤቱ የወረሰ፣ ኋላ ራስ ቴአትር በተባለው አዳራሽ ዙሪያ የተኮለኮለ ሰፈር ነው፤ ሰው ተወልዶበት ያድግበታል፣ ይነግድበታል፣ ያረጅበታል። ነገር ግን አውቶቡስ ተራ የቅርብ ጎረቤቱ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደር ወይም ከወለጋ ታሞ የመጣ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ የሚያድረው ወይ በዘመድ ቤት ወይ በአልጋ ቤት ነው፤ በማግስቱ ካርድ ክፍል ቆሞ «የት ነው የሚኖሩት?» ሲባል የሚመልሰው ያደረበትን ነው። አስታማሚውም ብዙ ጊዜ የከተማ ዘመድ ነውና፣ ስልክና ቀበሌ ያለው እርሱ በመሆኑ፣ የራሱን አድራሻ ፈጥኖ ያስመዘግባል። እንግዲህ በአንድ መስመር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ተጽፈዋል፦ አንዱ የሰፈሩ ልጅ፣ ሌላው የሦስት ቀን እንግዳ።

ይህን ጥንቃቄ ከመነሻው ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንመረምረው ታሪክ አንጀቱ የተዘጋበትን ሰው፣ በተለይም ካንሰር አድክሞት የቀዶ ሕክምናን ጫና ሊሸከም የማይችለውን ሰው፣ ሆዱን ሳይቀዱ በተፈጥሮ ቀዳዳ በገባ መሣሪያ የማስተንፈስ ታሪክ ነው። የዚህ ታሪክ ምንጮች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሐኪም ምንጮች ናቸው፤ መዝገቡን የያዘው፣ ስኬትንና ውድቀትን የቆጠረው፣ «ተሽሎት ወጣ» ብሎ የፈረመው ሐኪሙ ነው። ምንጮቹ እርስ በርስ ሲጋጩም የግጭቱን ሥር ፈልገን ስንሄድ፣ ከመሣሪያው ጥራት ይልቅ ማን እንደተቆጠረና እስከ መቼ እንደተቆጠረ ወደሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመልሰናል።

ስያሜው ራሱ አንድ እንቅፋት ነው። ሕዝቡ «አንጀቱ ተቋጠረ»፣ «አንጀቱ ታጠፈ»፣ «ሆዱ ተነፋ» ይላል፤ ሐኪሙ ደግሞ «የአንጀት መዘጋት» ብሎ ይጽፍና በዚያ ጥላ ሥር የማይዛመዱ ነገሮችን ያሰባስባል፦ በራሱ ዘንግ ዞሮ የተጠማዘዘ አንጀት፣ በቡአ ውስጥ ገብቶ ወይም በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ የታነቀ አንጀት፣ ከውስጥ በዕጢ የጠበበ አንጀት። የሁሉም ምልክት አንድ ዓይነት ነው፤ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ የሆድ መነፋት፣ በመጨረሻም አየርም ዓይነ ምድርም አልወጣ ማለት። ይህን የመጨረሻውን ምልክት ወጣቱ ሐኪም በግልጽ ቃል ሲጠይቅ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው መልስ ብዙ ጊዜ ከሚስታቸው ወይም ከልጃቸው አፍ የተወሰደ ነው። ከሆስፒታል በፊት የተሞከረውም እንዲሁ ከካርዱ ይቀራል። ለሆድ ቁርጠት ፌጦ መውሰድ፣ ለመንጻትም ኮሶ መጠጣት በየቤቱ የኖረ ልማድ ነው፤ መውጫ በሌለው አንጀት ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር ግን በተዘጋ በር ላይ ሕዝብን ከኋላ እንደመግፋት ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን የገባበትን ዘመን ስናስብ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ የደረሰውን የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ እናስታውሳለን፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከዚሁ ሥር ይቀዳል። በዚያ ዘመን የተዘጋ አንጀት በየትኛውም አገር የሞት ፍርድ ያህል ነበር። ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአፍንጫ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ ዋንገንስቲን የተባለ ሌላ ሐኪም ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያንን ቱቦ ከመምጠጫ ጋር አገናኝቶ የተነፋን አንጀት ከላይ ማስተንፈስ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በየድንገተኛ ክፍላችን ከአልጋ ጎን ተንጠልጥሎ አረንጓዴ ፈሳሽ የሚያወርደው፣ ነርሶች «ኤንጂ ቱቦ» የሚሉት፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የቱቦው ታሪክ በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ነበር ጣሊያኖች የአዲስ አበባን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ ነቅለው ወደ ምዕራብ ያዛወሩትና መርካቶ የሚለውን ስም ያወረሱን።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ከታች የሚገባው ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ብሩስጎርድ የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም፣ የተጠማዘዘውን የትልቁን አንጀት የታችኛውን ክፍል፣ ማለትም ሲግሞይድን፣ በፊንጢጣ በኩል በገባ ቀጥ ያለ መመልከቻና በለስላሳ ቱቦ ማስተንፈስ በአብዛኞቹ ታማሚዎች እንደሚሳካ የሚያሳይ ሰፊ ጥናት አሳተመ። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962 መታተም በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ጆንሰን የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ በዚሁ የሲግሞይድ መጠማዘዝ ላይ የተገኘውን የቅርብ ጊዜ ተሞክሮ በመጽሔቱ ገጾች አቀረበ። ያለ ቢላ የመክፈት ታሪካችንን ከውጭ ከመጣው የብረት መረብ የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ የሚዘሉት በስህተት ይመስለናል። ልምዱ፣ ድፍረቱና ልኩን የማወቅ ጥንቃቄው የተገነባው በዚህ ተራ የጎማ ቱቦ ላይ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ታማሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ በጣት ሲመታም እንደ ከበሮ ይጮኻል። ሐኪሙ መመልከቻውን እስከ ጥምዝምዙ አንገት ድረስ ያስገባና በቅባት የተለሰለሰውን ቱቦ በቀስታ፣ ሳይገፋ፣ ቦታውን እየፈለገ ያሳልፋል። ካለፈ አየሩና ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ልምድ ያለው ሐኪም ስለዚህ ከቱቦው አፍ ትይዩ አይቆምም፤ ጀማሪውን ግን ማንም አያስጠነቅቀውም፣ ይህም የሙያው ያልተጻፈ የጥምቀት ሥርዓት ነው። ሆዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግባል። ያ ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ሲቃትት የነበረ መሆኑን የሚመሰክረው የተበላሸው አንሶላ ብቻ ይሆናል። ቱቦው በፕላስተር ታስሮ ለአንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ መጠማዘዙ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ስለሚመጣም፣ አቅም ያለው ታማሚ ተረጋግቶ ለቀዶ ሕክምና ይቀጠራል። አንጀቱ ሞቶ ከሆነ ግን፣ ማለትም ሆዱን ሲነኩት እንደ ድንጋይ ከደነደነ፣ ትኩሳት ካለ፣ በመመልከቻው የታየው ሽፋን ከጠቆረ፣ ቱቦው መግባት የለበትም፤ ያኔ ሕይወት የሚያድነው ቢላ ነው።

ይህ በሽታ እኛ ዘንድ ለምን በዛ? የቀረቡት ምክንያቶች አይስማሙም። አንዱ ወገን አመጋገብን ይከሳል፤ ገለባ የበዛበት የእህል ምግብ፣ ከጾም በኋላ በአንድ ጊዜ የሚበላ ብዙ መብል፣ አንጀትን ያረዝማል፣ ያከብዳል፣ ያዞራል ይላል። ሌላው ወገን ከደጋ ጋር ያያይዘዋል፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ከፍታ በጨመረ መጠን በአንጀት ውስጥ ያለ አየር እንደሚሰፋና አንጀቱም እንደሚረዝም ጽፈዋል፣ የእኛም ደገኛ ከዚሁ ይመደባል ባይ ነው። ይሁንና በሽታው በኖርዌይ፣ በሩሲያና በሕንድ ሜዳዎችም የኖረ ነውና ከፍታ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በየጥናቱ ወንዶች መብዛታቸውም ሁለት ንባብ አለው። ሐኪሞቹ የሴቶች ዳሌ ሰፊ በመሆኑ የተጠማዘዘው አንጀት በራሱ ይፈታል ብለው ያስረዳሉ፤ እኛ ግን አንድ የታሪክ ሰው ሊያነሣው የሚገባ ሌላ ጥርጣሬ እናክላለን፦ የአውቶቡስ ዋጋ ተፈልጎ፣ በሬ ተሸጦ ወደ ከተማ የሚላከው በአብዛኛው አባወራው ነበር። መዝገቡ የሚቆጥረው የደረሰውን ነው።

ስለ ቱቦውም ቢሆን ውዳሴያችን ልክ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣው የጎንደር አካባቢ ጥናት እንደሚያሳየን፣ በሰሜን ምዕራብ አገራችን ከትልቁ አንጀት ሌላ የትንሹ አንጀት መጠማዘዝም ራሱን የቻለ ከባድ ችግር ነበር። ወደዚያ ከታች የሚደርስ ቱቦ የለም። እናም «ያለ ቢላ መክፈት» የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንዳንዶች ዕድል እንጂ የሁሉም አልነበረም፤ ዕድለኛውን የሚመርጠውም አንጀቱ የተዘጋበት ቦታ ነው።

መመልከቻው ራሱ ተጣጣፊ የሆነው ሂርሾዊትዝ በተባለ ሐኪም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ብርሃንን በቀጭን የመስታወት ክሮች አሳልፎ ጨጓራን ያለ ቀጥ ያለ ብረት ማየት ተቻለ። በአገራችን የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከጎንደር ተወላጁ ሐኪምና መምህር ከፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ስም ጋር የተሳሰረ ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በ1084 ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገውን የጨጓራና የላይኛው ትንሹ አንጀት ምርመራ ውጤት ተነተኑ። ቁጥሩን ልብ ማለት ይገባል፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ የመሣሪያና የመለዋወጫ ችግር፣ ከሺህ በላይ ሰው በአንድ ጥናት ውስጥ ማሰባሰብ ቀላል ሥራ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ መመልከቻ ያያል፣ ቁራጭ ሥጋ ቆንጥሮ ያወጣል እንጂ የተዘጋን አይከፍትም ነበር። ጠባቡን ቦታ አይቶ የሚመለስ ሐኪም ለታማሚው የሚሰጠው መልስ አሁንም ወይ ቢላ ወይ ትዕግሥት ነበር።

ካንሰር በመዝገቦቻችን ላይ ራሱን ችሎ የቆመው ዘግይቶ ነው። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ካንሰር ምዝገባ ሥራውን ሲጀምር፣ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በወንዶች ዘንድ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው የቆየ አስተያየት በዚህ ተናጋ። እዚህ ላይ ግን ወደ መነሻችን እንመለሳለን። ምዝገባው የከተማዋን ነዋሪ ለመቁጠር የታሰበ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበረ አራቱም ማዕዘን ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። የምዝገባው ሠራተኛ ነዋሪውን ከእንግዳው የሚለየው በአድራሻ ነው። ሲኒማ ራስ ያደረው እንግዳ ሲኒማ ራስ እንደሚኖር ሰው ከተቆጠረ፣ የከተማዋ ቁጥር ያብጣል፣ የመጣበት ወረዳ ደግሞ ከበሽታው ነጻ መስሎ ይታያል። ምዝገባውን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምንለው፤ ያለ እርሱ የምንመዝነው ነገር ባልኖረ ነበር።

የካንሰር ታማሚው አንጀት እንደ ቀድሞው ጥምዝምዝ አይደለም። ዕጢው ቀስ በቀስ፣ ወራትን ወስዶ፣ የአንጀቱን ክብ ከውስጥ እየጠበበ ይመጣና አንድ ቀን የባቄላ ፍሬ እንኳ አያሳልፍም። ታማሚው በዚያ ጊዜ ከስቷል፣ ደሙ ቀንሷል፣ ዕጢውም ብዙ ጊዜ ወደ ጉበቱ ተሰራጭቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው የኖረው መፍትሔ ኮሎስቶሚ ነው፤ ከዕጢው በላይ ያለውን አንጀት በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ ዓይነ ምድሩን በከረጢት መቀበል። ርካሽ ነው፣ ማንኛውም ቀዶ ሐኪም ይሠራዋል፣ ሕይወትም ያተርፋል። የሆስፒታሉ ከረጢት ሲያልቅ ግን በፌስታልና በጨርቅ መጠቅለል ይመጣል። ቀኑን በሱቅ ደጃፍ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚውል የመርካቶ ነጋዴ፣ ወይም ከራጉኤል ቅዳሴ፣ ከአንዋር መስጊድ ስግደት መቅረትን የማያውቅ ሰው፣ ይህን ተሸክሞ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚናገር ዓምድ በሐኪሙ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

ሁለት መንገዶች ከውጭ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ከለንደኑ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የመጣ ነው፤ በዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 የተዘጋ አንጀት ያለበትን የመጨረሻ ደረጃ ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ አፍንጫ ቱቦ፣ ሕመምን በሞርፊን፣ ቁርጠትንና ማስመለስን በሌሎች መድኃኒቶች በማስታገስ ማቆየት እንደሚቻል አሳተሙ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የዚህ አስተሳሰብ የአገራችን ዘመድ ነው። ሁለተኛው መንገድ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዶሞቶ የተባለ ሐኪም ሊድን በማይችል የፊንጢጣ ካንሰር የጠበበን አንጀት ከውስጥ በሚዘረጋ ቱቦ፣ ማለትም በስቴንት፣ መክፈትን አስተዋወቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቴሄሮና ባልደረቦቹ ይህንኑ ከድንገተኛ ሁኔታ ወደ ታቀደ ቀዶ ሕክምና መሸጋገሪያ አድርገው ተጠቀሙበት።

ስቴንቱ የተሠራበት ኒቲኖል የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ ቢታጠፍና ቢጨመቅ የተፈጥሮ ቅርጹን አይረሳም። ከእርሳስ በቀጠነ ማስገቢያ ውስጥ ታሽጎ ይገባል። ሐኪሙ በኮሎኖስኮፕ፣ ማለትም በተጣጣፊው የትልቁ አንጀት መመልከቻ፣ እስከ ዕጢው ይደርሳል፣ ለስላሳ መሪ ሽቦ በጠባቡ ቀዳዳ ያሳልፋል፣ ማስገቢያውን በሽቦው ላይ አሳልፎ መሸፈኛውን ቀስ ብሎ ወደኋላ ይስባል፤ መረቡም ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ እንደ አበባ ይከፈታል። ሙሉ ስፋቱን፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን፣ የሚይዘው ግን ወዲያው አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ሆዱ ላይ አንድም ጠባሳ አይቀርም።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 የ54 ጥናቶችን 1198 ታማሚዎች በአንድ ያሰባሰበ ትንታኔ፣ ስቴንቱ በ94 ከመቶው በትክክል እንደገባ፣ በ91 ከመቶው አንጀቱ እንደተከፈተ፣ ወደ 4 ከመቶ በሚጠጉት አንጀቱ እንደተበሳ፣ ወደ 12 ከመቶ በሚጠጉት ስቴንቱ ከቦታው እንደተንሸራተተ አስታወቀ። በዚያው ዓመት የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት 22 ታማሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ስቴንትን ከኮሎስቶሚ ጋር አወዳደረ፤ ስቴንት የገባላቸው ቶሎ በሉ፣ ቶሎም ከሆስፒታል ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከኔዘርላንድስ የመጣው ዜና ተቃራኒ ነበር። በዚያ የተሰራጨ የግራ ጎን አንጀት ካንሰር ባለባቸው ታማሚዎች ላይ የተጀመረው ጥናት፣ ገና 21 ሰዎች እንደተመዘገቡ፣ ስቴንት ከገባላቸው መካከል በአራቱ ላይ አንጀቱ ዘግይቶ ስለተበሳ ሳያልቅ ተቋረጠ።

ቁጥራቸው ሊመሳሰል ጥቂት የቀረው ሁለት ጥናቶች እንዴት እንዲህ ይለያያሉ? ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሃያ ሰው ትንሽ ነው። የስቴንቱ ዓይነት ነው፣ ኬሞ ነው ያሉም አሉ። እኛ ግን የተጠየቁትን ጥያቄ እናስተያያለን። ጣሊያኖቹ በዋናነት ያዩት ታማሚው ስንት ቀን እንደተኛና መቼ እንደበላ ነው፤ ደቾቹ ደግሞ የሚለኩት ታማሚው በደህና ጤንነት ከሆስፒታል ውጭ የኖረበትን ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው መለኪያ በሳምንት ይዘጋል። ሁለተኛው ወራትን ይጠብቃል፣ ዘግይቶ የሚመጣ መበሳትም በዚያ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱ የሚቃረኑ አይመስለንም፤ አንዱ ታሪክ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ያበቃ ነው። ከሆድ ላይኛው ክፍል የተገኘው ማስረጃ ይህን ንባብ ያጠናክርልናል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው በኔዘርላንድስ 39 ታማሚዎች ላይ፣ የጨጓራ መውጫ በካንሰር ሲዘጋ ስቴንት ወይስ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና የሚሻለው ተብሎ ተመርምሮ ነበር። ስቴንት ቶሎ አበላ፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ጸና። አጥኚዎቹ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ሰው ቀዶ ሕክምናውን መከሩ። እንግዲህ ለደካማው ስቴንት መመረጡ ከደካማነቱ ጋር አጭር ዕድሜ ስለተገመተለትም ጭምር ነው፤ ይህን ግምት ለታማሚው የሚነግረው ሰው ግን፣ በአገራችን በተለይ፣ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ከቦ «ለእርሱ እንዳትነግሩት» ይላል።

የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው መመሪያው፣ ሊድን በማይችል ካንሰር ለተዘጋ ትልቅ አንጀት ስቴንትን ተመራጭ ማስታገሻ አድርጎ አስቀመጠ፤ ቤቫሲዙማብ የተባለውን መድኃኒት ለሚወስዱ ግን የመበሳት አደጋው ከፍ ስለሚል አልመከረም፣ ምልክት ሳይኖርም ለመከላከል ብሎ ማስገባትን ከለከለ። በእንቁላል እጢ ካንሰር እንደሚሆነው አንጀቱ በብዙ ቦታ ከተዘጋ ደግሞ አንዱን በር መክፈት ትርጉም የለውም።

የብረቱ መረብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው ከላይ በኩል፣ በምግብ ቧንቧ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተዘጋ ትልቅ አንጀት ኮሎስቶሚ የሚባል ርካሽ ተፎካካሪ አለው፤ የተዘጋ የምግብ ቧንቧ ግን ምራቁን እንኳ መዋጥ ላልቻለ ሰው ተመጣጣኝ አማራጭ አልነበረውም። የእንግሊዙ ሐኪም ሱታር እ.ኤ.አ. በ1924 ከብር በሚመሳሰል ሽቦ የተጠቀለለ ቱቦ በምግብ ቧንቧ ማስገባቱን ስናስታውስ፣ አሳቡ ከኒቲኖል በፊት የተወለደ መሆኑን እንረዳለን። በኬንያ ቦሜት በሚገኘው ተንዌክ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ከ900 በላይ ታማሚዎች ላይ ስቴንት አስገብተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ፤ ከዚያ ቀደም ብለውም ውድ የሆነውን የኤክስሬይ መቆጣጠሪያ ትተው፣ ርቀቱን በኢንዶስኮፑ ላይ ባለው ምልክት ለክተው ማስገባት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ለእኛ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት ቀጠና በአርሲና በባሌ በኩል አገራችን ድረስ ይዘልቃል። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ የጨጓራና አንጀት ንዑስ ስፔሻሊስቶች ይሠለጥናሉ፤ ስቴንት የሚያስገባ እጅ ከተማው ውስጥ አለ። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ፣ አንዱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ነው ትልቁን አንጀት አሁንም ለኮሎስቶሚ ያስረከበው።

በሲኒማ ራስ በኩል ወደ ጳውሎስ የሚወጣው ታክሲ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጭኑ ላይ የፊልምና የካርድ ፌስታል ይዞ የተቀመጠ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። የመጣው ከሁለቱ አንዱን ሊያገኝ ነው፦ ከረጢቱን ወይም መረቡን። መረቡ ከገባለት በሦስተኛው ቀን አጥሚት ይጠጣል፣ በሳምንቱ አውቶቡስ ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ለማስታገሻ የገባ ስቴንት ሳይዘጋ የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ 106 ቀን እንደሆነ አስልቷል፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሁዳዴ ሊሞላ አራት ቀን የቀረው። በሆስፒታሉ መዝገብ «ውጤት» ከሚለው ዓምድ ሥር «ተሽሎት ወጣ» ተጽፎ ተዘግቷል። በ107ኛው ቀን ቁርጠቱ ቢመለስ ደዋዩ የሚያገኘው በካርዱ ላይ የሰፈረውን የዘመዱን ስልክ ነው፤ አድራሻውም ሲኒማ ራስ ይላል፣ ሰውየው ግን ከዓባይ ማዶ ነው።